መትረየስ፦ ስሙ «ከባድ»፣ በዓለም አቀፍ ክፍፍል ግን «ቀላል» የሆነው መሣሪያ

በአገራችን የግጭት ዜና ውስጥ «የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ አደረ» የምትለውን ያህል የተደጋገመች ዓረፍተ ነገር ያለች አይመስለኝም። ነዋሪው በስልክ ይናገራታል፣ ጋዜጠኛው ይጽፋታል፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ያባዛታል። መድፍ ነበር? ሞርታር ነበር? ከመትረየሶቹ ዲሽቃ ነበር ወይስ ብሬን? ይህን አትነግረንም። ልዩነቱ ግን ለነዋሪው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሞርታር ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ጣራ ይበሳል፤ ከተራራ ወይም ከሕንፃ ጀርባ መሆን አያድንም። የመትረየስ ጥይት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጉድጓድ ወይም ገደል ውስጥ የተኛ ሰው ሊተርፍ ይችላል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ደግሞ የዲሽቃን ጥይት አያቆምም። «ከባድ መሣሪያ» ብሎ ዝም ማለት ቤት ውስጥ ተቀመጡ ወይም ውጡ የሚለውን ምክር እንኳ ለመስጠት አይበቃም።

በዚህ ግርታ መሐል የቆመው ቃል መትረየስ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። ወታደሩ፣ ሕጉ፣ የሰላም ስምምነቱና ተርጓሚው ሲጠቀሙበት ግን አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም፤ ልዩነቱም ከቃላት ጨዋታ አልፎ ትጥቅ ማስፈታትን የመሰለ ጉዳይ ውስጥ ገብቷል።

ከትርጉሙ እንነሣ። መትረየስ የአንድ ጠመንጃ ስም አይደለም፣ የአንድ ወገን መሣሪያ ሁሉ መጠሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚለየው በተኩሱ ፍጥነት ነው፤ «ቶሎ ቶሎ የሚተፋ» ይላል። ፍጥነት ብቻውን ግን አይለየውም። ክላሽንኮቭ በአውቶማቲክ ሲተኮስ በደቂቃ 600 ጥይት ገደማ በሚሆን ፍጥነት ይተፋል። ዲሽቃም በዚያው በ600 አካባቢ ነው። እንግዲህ በፍጥነት ከሄድን ሁለቱን አንድ ላይ ልንመድባቸው ነው።

ልዩነቱ በጽናት ነው። የክላሽ ሠላሳ ጎራሽ ካዝና ምላጩ ተስቦ ከተያዘ በሦስት ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ተኳሹ እየቀያየረ ልቀጥል ቢል አፈሙዙ ይግላል፣ ዒላማው ይዛነፋል። መትረየስ የተሠራው ይህን ተኩስ ለረጅም ጊዜ እንዲሸከም ነው። አፈሙዙ ወፍራም ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ሲግል በሌላ ይቀየራል። ጥይቱ በአብዛኛው ከካዝና ሳይሆን ከረጅም የጥይት ሰንሰለት ይመጣል። ሁለት ወይም ሦስት እግር አለው፤ መሬት ላይ ወይም መኪና ላይ ይተከላል። ከተኳሹ ጎን ደግሞ ጥይት የሚያቀብልና አፈሙዝ የሚቀይር ረዳት አለ። አንድ ቦታ ተተክሎ መንገድ የሚዘጋ፣ ድልድይ የሚይዝ፣ ሌላው ወታደር እስኪንቀሳቀስ ድረስ ጠላትን አንገት የሚያስደፋ መሣሪያ ነው።

የቃሉ ምንጭ ፈረንሳይኛ ነው። ለአማርኛ ጆሮ «መተረ» የሚለውን ግስ ያስታውሳል፤ ሥጋ መተረ፣ ከታተፈ እንደምንለው። መሣሪያው የሚያደርሰውን ጉዳት ለሚያውቅ ሰው ዝምድናው የተፈጥሮ ይመስላል፤ የድምፅ ግጥምጥሞሽ እንጂ ዝምድና ግን የላቸውም። ፈረንሳዮቹ «ሚትራየዝ» የሚሉትን ነው አማርኛ መትረየስ ያለው። የጣሊያንኛው አቻ «ሚትራሊያትሪቼ» ስለሆነ፣ ከጣሊያን ቢመጣ ኖሮ በ«ትሪቼ» የሚያልቅ ቃል ይኖረን ነበር። መጨረሻው ላይ ያለው «የስ» የመጣበትን ቋንቋ ይመሰክራል።

የፈረንሳይኛው ቃል የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ሥሩ ጥቃቅን የመዳብ ሳንቲም ይጠራበት የነበረ ጥንታዊ ቃል ነው። ከዚያ ቁርጥራጭ ብረት ማለት ሆነ። ምስማር፣ የብረት ስብርባሪና ትናንሽ ድብልብል መድፍ ውስጥ ታጭቆ በተሰለፈ ሠራዊት ላይ ይለቀቅ ነበርና የዚያ ጥይት ስም «ሚትራይ» ሆነ። ፈረንሳዮች ዛሬም ኪስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ዝርዝር ሳንቲምን በዚሁ ቃል ይጠሩታል። «ሚትራየዝ» እንግዲህ ያን የብረት ዝናብ የምታወርድ ማለት ነው።

በዚህ ስም በጣም የታወቀችው የመጀመሪያዋ መሣሪያ ዛሬ መትረየስ ከምንለው ጋር ብዙም አትመሳሰልም። ሬፍዬ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ፓሪስ አጠገብ ባለችው መዶን እ.ኤ.አ. በ1866 የሠራት ይህች መሣሪያ በመንኮራኩር ላይ የምትጎተት ሆና 25 አፈሙዞች በአንድ ወፍራም የብረት ሽፋን ውስጥ ታስረውባት ነበር። ጥይቷ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ተኳሹ 25 ጥይት የተደረደረበትን ሳህን ከኋላ ያስገባና መዘውር ያዞራል፤ ሃያ አምስቱ ሲተኮሱ ሳህኑ ወጥቶ ሌላ ይገባል። በራሷ የምትጎርስና የምትተኩስ አልነበረችም፤ ጉልበቱ የሰው እጅ ነው። ናፖሊዮን ሣልሳዊ በምሥጢር አስጠብቀዋት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ሲነሣ ብዙ መኮንኖች አጠቃቀሟን በቅጡ አያውቁም ነበር። እንደ መድፍ ከኋላ አቆሟት፤ የፕሩሲያ መድፎች ደግሞ ከእርሷ የበለጠ ርቀት ስለሚመቱ ከሩቅ አወደሟት። በግራቭሎት ጦርነት ወደ እግረኛው ቀርባ በተኮሰችበት ቦታ ግን ምን ማድረግ እንደምትችል ታየ።

ዓለምን የለወጠው ሃይራም ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው መሣሪያ ነው። ማክሲም መዘውሩን አስቀረው። አንዱ ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ራሱ ቀለሁን፣ ማለትም የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀፎ፣ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት እንዲያጎርስ አደረገ፤ አፈሙዙን በውኃ አቀዘቀዘው። ምላጩን ይዞ የተቀመጠ አንድ ሰው ሰንሰለቱ እስኪያልቅ ይተኩሳል። ፈረንሳዮች አዲሱንም በድሮው ስም «ሚትራየዝ» ብለው ቀጠሉ። ቃሉ የወጣለትን መሣሪያ ትቶ ወደ ሌላ መሣሪያ የተሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ እኛም ሲደርስ ሰፊ መጠሪያ ሆኖ ነው የደረሰው።

ማክሲም ምን ማለት እንደሆነ ጎረቤታችን ሱዳን በደም አይታዋለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን አጠገብ የእንግሊዙ ጄኔራል የኪችነር ጦር ሱዳንን ይገዙ ከነበሩት ማህዲስቶች ጋር ሲገጥም በአንድ ጧት ከ10,000 በላይ ሱዳናውያን አለቁ፤ በእንግሊዝና በግብፅ ወገን የሞቱት ሃምሳ እንኳ አይሞሉም። ይህ የሆነው ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። የዓድዋን ድል ከጀግንነት ጋር ከመሣሪያ አንጻርም ማየት የሚገባው ለዚህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመኑ የነበረውን መሣሪያ ለማግኘት ለዓመታት ደክመዋል፤ በዓድዋ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ መሣሪያዎች መካከል ፈጣን ተኳሾቹ የሆችኪስ መድፎች ነበሩበት። ሆችኪስ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር።

የፈረንሳይ መንገድ በቋንቋችን ውስጥ በጉልህ ይታያል። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ማለትም ግራ የተባለው ሰው የሠራው ጠመንጃ ከሚለው የመጣ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለሠራዊቷ ለበል የተባለውን ጠመንጃ ስትመርጥ እ.ኤ.አ. የ1874ቱ ግራ ትርፍ ሆነና በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ በኩል ወደ ሸዋ ጎረፈ። ከለገሃርና ከቢሮ ጋር አብረው የመጡ የመሣሪያ ቃላት አሉን ማለት ነው። መትረየስ የዚያ መንገድ ልጅ ነው። ከእርሱ የቆዩት ደግሞ በሌላ በር የገቡ ናቸው፤ መድፍና ባሩድ ከዐረብኛ ናቸው።

ቃሉ በእኛ ዘንድ የመረረ ትዝታ የያዘው በ1928ቱ ወረራ ነው። ጣሊያን ለጦርነት ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ነበር። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ስለነበራት አልጎዳትም፤ ከውጭ ካልገዛች የማታገኘው ኢትዮጵያ ግን እጇ ታሰረ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መሣሪያ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረ ነው። የንጉሥ ጀግንነት ሆኖ ይነገራል፤ ነውም። እኔ ግን ስዕሉን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የአውሮፕላን መቃወሚያው ማነስ ነው።

ከነጻነት በኋላ መሣሪያ የሰጠን ሁሉ ስም ትቶልን ሄዷል። እንግሊዞች ብሬንን አመጡ። ስሙ ብርኖ ከተባለችው የቼክ ከተማና ኤንፊልድ ከተባለው የእንግሊዝ የመሣሪያ ፋብሪካ የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ንድፉ የቼኮች ነበርና። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የሶቪየት ትጥቅ ሲጎርፍ ዲሽቃ መጣች፤ ዴግትያርዮቭና ሽፓጊን የተባሉት የሁለቱ ሠሪዎቿ ስም መነሻ ፊደሎች ላይ «ትልቅ ጥይት» የሚለው የሩሲያኛ ቃል መነሻ ተጨምሮ ነው ስሟ የወጣው። ዛሬ ሰው «ብሬን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው የእንግሊዙን ሳይሆን ፒኬኤም የተባለውን የሶቪየት መትረየስ ነው። ስሙ እንደ መትረየስ ሁሉ ከባለቤቱ ተለይቶ ሌላ መሣሪያ ላይ አርፏል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «ብሬን ነበራቸው» ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው፤ ጋዜጠኛው ግን የቱን ብሬን ብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ክፍፍል መሠረት ሽጉጥ፣ ጠመንጃ፣ ክላሽና ቀላል መትረየስ «አነስተኛ መሣሪያ» ተብለዋል። ከባድ መትረየስ፣ በሰው የሚያዝ ፀረ ታንክ መሣሪያና ከ100 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሞርታር ደግሞ «ቀላል መሣሪያ» ናቸው። ልብ አድርጉ፤ ከባድ መትረየስ ያለው ቀላል መሣሪያ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ሦስት ሰዎች ተሸክመውት፣ በአጋሰስ ወይም በፒክአፕ ጭነውት ሊሄዱ ይችላሉ። «ከባድ» የሚለው ከመትረየሶች ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ «ቀላል» የሚለው ከታንክና ከመድፍ ጋር ሲነጻጸር። ሁለቱም በየራሳቸው ሚዛን ትክክል ናቸው። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው።

የተገናኙበትን ጊዜ እናስታውስ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የትግራይ ኃይሎች በቅድሚያ ከባድ መሣሪያ እንዲፈቱ፣ ቀላሉን ጨምሮ አጠቃላይ ትጥቅ መፍታቱ ደግሞ በ30 ቀን እንዲጠናቀቅ ይል ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ በናይሮቢ የተፈረመው ሰነድ ደግሞ ከባድ መሣሪያ የመፍታቱን ሥራ ከውጭ አገር ኃይሎችና ከመከላከያ ሠራዊቱ ውጪ ካሉ ኃይሎች መውጣት ጋር ጎን ለጎን አስኬደው። በጥር ወር አጉላዕ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ባሉበት ርክክብ ሲጀመር ታንክ፣ መድፍ፣ ሮኬትና ሞርታር ታየ። እዚያ ላይ ማንም አይከራከርም። ዲሽቃስ? በዓለም አቀፉ ክፍፍል ቀላል መሣሪያ ነች፤ በሠፈር ሰው አፍ ከባድ መሣሪያ ነች፤ በስሟም ከባድ መትረየስ ነች። ከየትኛው ወገን መመደቧ የምትፈታበትን ጊዜ ይለውጣል። ዙ-23 የተባለው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ደግሞ አፈሙዙ 23 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመትረየስ ወሰን አልፎ መድፍ ውስጥ ይገባል፤ ወሰኑ በተለምዶ 20 ሚሊ ሜትር ነውና። ነዋሪው ግን ሁለቱም መኪና ላይ ተጭነው ስለሚያያቸው በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ልዩነቱን የማወቅ ግዴታ ያለበት ሰው ነው።

በዚህ ረገድ የእኛው የጸጥታ ተቋማት የሚጠቀሙበት ክፍፍል ከውጭው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። «የነፍስ ወከፍ» እና «የቡድን» መሣሪያ ይላሉ። ክብደት አይመዝኑም፤ ስንት ሰው ያስፈልገዋል ብለው ነው የሚጠይቁት። ክላሽ የነፍስ ወከፍ ነው፤ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ይዞት ይተኛል። መትረየስ የቡድን ነው፤ ተኳሽ፣ ረዳትና ጥይት ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ስለዚህም አዛዥ አለው ማለት ነው። ይህ ለሕግም ለዜናም ወሳኝ ነው። አንድ መንደር ውስጥ ክላሽ ተተኮሰ ሲባል ግለሰብ ሊሆን ይችላል፣ ቂም ወይም ዘረፋ ሊሆን ይችላል። የቡድን መሣሪያ ተተኮሰ ሲባል ግን ከጀርባው የተደራጀ ኃይል፣ የጥይት አቅርቦትና ትእዛዝ የሰጠ ሰው መኖሩ አይቀርም። «ከባድ» እና «ቀላል» የሚሉት ቅጽሎች ይህን አይናገሩም።

ከአገር ውጭ ያለው አንባቢ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፤ በተለይ አሜሪካ ያለው። የአሜሪካ ዜና «ማሽን ጋን» ሲል ተርጓሚው «መትረየስ» ብሎ ያልፋል። በተራ ንግግር አያሳስትም። በአሜሪካ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ቃሉ ማለት ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሠራ ከአንድ በላይ ጥይት በራሱ የሚተኩስ መሣሪያ ሁሉ ነው። ስለ ክብደት፣ ስለ እግር፣ ስለ ሰንሰለት አይናገርም። በዚህ ትርጉም አውቶማቲክ የሚተኩስ ክላሽም «ማሽን ጋን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ክላሽን መትረየስ የሚል የለም።

የዚህ ትርጉም ክብደት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2024 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ወደ ሙዚቃ ድግስ ተኩሶ 60 ሰው ገደለ። የተጠቀመው «ባምፕ ስቶክ» የሚባል በሰደፍ ቦታ የሚገጠም ዕቃ ነበር፤ ጠመንጃው በተኩሱ ግፊት ወደ ኋላ፣ በተኳሹ ሌላ እጅ ግፊት ደግሞ ወደ ፊት እየተወዛወዘ ምላጩን ቋሚ ከሆነው ጣት ጋር እንዲያጋጭ ያደርጋል፤ ተኩሱም እንደ አውቶማቲክ ይንጣጣል። መንግሥት ዕቃውን ከማሽን ጋን መድቦ ከለከለው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ6 ለ3 ድምፅ ክልከላው ፈረሰ። አብላጫዎቹ ዳኞች ያሉት ምላጩ ለእያንዳንዱ ጥይት ለየብቻ ስለሚሠራ በሕጉ ትርጉም ማሽን ጋን አይደለም ነው። የቀሩት ሦስቱ አልተስማሙም። ይህን ዜና ለአማርኛ አንባቢ «ፍርድ ቤቱ መትረየስን ፈቀደ» ብሎ ያቀረበ ሰው ካለ ክርክሩን ጨርሶ አልነገረውም። እንዲህ ባለ ቦታ «በሕጉ አውቶማቲክ የሚባለው መሣሪያ» ብሎ መተርጎም ይሻላል፤ ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም።

በዕለት ንግግር ቃሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ይኖራል። ያለ ፋታ የሚያወራን ሰው «እንደ መትረየስ ይንጣጣል» እንላለን። ጥይቱ ራሱ ይርከፈከፋል፣ ይዥጎደጎዳል፤ እሩምታ ይሆናል። ዐረቦች መትረየስን «ረሻሽ» የሚሉት የሚረጭ፣ የሚያርከፈክፍ ለማለት ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገር የሠሩ ወገኖቻችን ይህን ስም ሳይሰሙት አይቀሩም። በዚህ አጠቃቀም ማንም አይጎዳም። ዜና ላይ ሲሆን ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው።

ጋዜጠኛው መሣሪያውን ባያየው እንኳ የሚያይበት መንገድ አለ፤ ቀለሁ። የጥይት መጠሪያ ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው የእርሳሱ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የክላሹ 7.62 በ39 ነው፤ ቀለሁ አራት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፣ ከትንሽ ጣት ያጥራል። የፒኬኤሙ 7.62 በ54 ነው፤ ረዘም ያለ ሆኖ ግርጌው ላይ ጠርዙ ወጣ ብሎ በጣት ይዳሰሳል። የዲሽቃው 12.7 በ108 ነው፤ ቀለሁ ብቻውን አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ማምታታት አይቻልም። ነዋሪ የሚልከው ፎቶግራፍ ላይ ከቀለሁ አጠገብ ቢክ እስክሪብቶ ከተቀመጠ መጠኑ ከሩቅም ይለካል። ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል ግን በማያውቁት ቦታ መነካካት አይገባም፤ ፎቶው ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ባለ 54ቱ ነው፤ ያንኑ ጥይት ድራጉኖቭ የተባለው የአነጣጣሪ ጠመንጃም ይጠቀማልና። አንድ ሁለት ቀለህ ከተገኘ ብሬን ነው ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ተከምሮ ሲገኝ ነገሩ ይለወጣል። ቀለህ የሚወድቀው ደግሞ ተኳሹ የነበረበት ቦታ እንጂ ጥይቱ ያረፈበት ቦታ አይደለም። ክምሩ ኮረብታው ላይ ከተገኘና የተበሳው ግድግዳ ወደ ኮረብታው የሚያይ ከሆነ፣ ሪፖርተሩ በእጁ የያዘው የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተተኮሰበትን አቅጣጫ ነው። የሚቀረው በዚያ ሌሊት ኮረብታውን ይዞ የነበረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው።